ኔት በሌለው ሱቅ የሚነሳ ጃር፦ ፋይሎችንና ላይብረሪዎችን በሜቨንና በግሬድል ማሸግ

ፕሮግራሙ ላፕቶፓችሁ ላይ ሸጋ ሆኖ ይሠራል። ኢንተሊጄ ላይ አረንጓዴዋን ቀስት ስትጫኑ መስኮቱ ይከፈታል፣ አማርኛው ይነበባል፣ ዳታቤዙም ይመልሳል። ያንኑ ፕሮግራም ጃር (የጃቫ ፕሮግራም ታሽጎ የሚሄድበት ፋይል) አድርጋችሁ በፍላሽ ደሴ ፒያሳ ወዳለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ስትወስዱት ግን አልነሳም ይላል። ቢነሳም ሎጎው የለም፤ ወይ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኗል፤ ወይ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫኑት ቀጥ ይላል።

ላፕቶፓችሁ ላይ የሮጠው ጃሩ ስላልነበረ ነው። ኢንተሊጄም ሆነ ኤክሊፕስ ክላሶቹን ከአንድ ፎልደር፣ ሥዕሎቹን ከሌላ፣ ላይብረሪዎቹን ደግሞ ከሜቨን ማከማቻ እየለቃቀመ ነው የሚያስነሳላችሁ። (ሜቨንና ግሬድል ላይብረሪ የሚያመጡና ጃር የሚያሽጉ መሣሪያዎች ናቸው።) ሱቁ የሚደርሰው ግን ጃሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መፈተን ያለበት ጃሩ ነው። ከታች ያለው ሁሉ የሚዞረው እዚህ ነገር ላይ ነው።

መመሪያው ጃቫ መጻፍ ለሚችሉ፣ ማሸጉ ላይ ግን ለሚቸገሩ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዛችሁ ተማሪዎች፣ ወይም ሐይቅና ወልድያ ሆናችሁ ለሱቅና ለፋርማሲ ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ አስባለሁ። ትዕዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርድ ላይ ግን እንደ ድምፃቸው በላቲን ፊደል ነው የምትመቷቸው። ሜቨን በተርሚናል የሚጠራው በሦስት ፊደል ስለሆነ «ኤምቪኤን» ብዬዋለሁ።

ምሳሌ እንያዝ። ፕሮግራማችን «መጋዘን» ይባላል። ሱቁ ደሴ ነው፤ ዕቃው የሚከማችበት መጋዘን ኮምቦልቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር በኤስኪውላይት ይመዘግባል። ኮምቦልቻ ያለው ማይኤስኪውኤል ይጠቀማል። መስኮቶቹ በስዊንግ የተሠሩ ናቸው። ከኮዱ ሌላ አብረው መሄድ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ሎጎ፣ የአማርኛ ፎንት፣ የመልእክቶች ፋይል፣ ዕቃ የሚላክባቸው ከተሞች ዝርዝር (ባቲ፣ ከሚሴ፣ መርሳ፣ ሐይቅ እያለ የሚሄድ)፣ እና ሠንጠረዦቹን የሚፈጥር የኤስኪውኤል ፋይል።

መጀመሪያ፦ ጃሩን ከፍቶ ማየት

ጃር ዚፕ ፋይል ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ዊንራር ወይም ሰቨን ዚፕ ካላችሁ በቀኝ ክሊክ ይከፈታል። ከጄዲኬው ጋር የሚመጣውን መሣሪያ ብትለምዱ ግን ይሻላል፦

ጃር ቲኤፍ ታርጌት/መጋዘን-1.0.ጃር

ይሄ ትዕዛዝ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ይዘረዝራል። ከሁሉ ቀድማችሁ የምትፈልጉት ሜታ-ኢንፍ የሚለውን ፎልደርና በውስጡ ያለውን ማኒፌስት ነው። ማኒፌስት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ጃቫ ፕሮግራሙን ከየትኛው ክላስ እንደሚጀምር የሚያውቀው እዚያ ላይ «ሜይን-ክላስ» ከሚለው መስመር ነው። መስመሩ ከሌለ «ኖ ሜይን ማኒፌስት አትሪቢውት» የሚለው ኤረር ይመጣል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚገናኘው ከዚህ ኤረር ጋር ነው።

ማኒፌስቱን በእጅ አትጻፉ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ካልጨመራችሁ ጃቫ የመጨረሻዋን መስመር አያነባትም። አንድ መስመር ደግሞ ከ72 ባይት መብለጥ አይችልም። ይሄን ሁሉ ሜቨን ያውቀዋል። ለሱ ተዉለት።

ሁለተኛ፦ ፋይሎቹን ቦታ ማስያዝ

ሜቨንም ግሬድልም የሚስማሙበት አደረጃጀት አለ። ኮዱ «ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ» ውስጥ ይገባል። ኮድ ያልሆነው ሁሉ «ኤስአርሲ/ሜይን/ሪሶርስስ» ውስጥ ይገባል። ሪሶርስስ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ሁሉ የፎልደር አቀማመጡን እንደያዘ ጃሩ ውስጥ ይገለበጣል። ሎጎውን ከጃቫ ፋይሎቹ ጎን ካስቀመጣችሁት ሜቨን ጥሎት ይሄዳል። ኤክሊፕስ ላይ ይታይ የነበረ ሥዕል ጃር ሲሆን የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

እንዲህ አስቀምጡት፦ ሪሶርስስ ሥር «ምስሎች»፣ «ፎንት»፣ «ጽሑፍ» እና «ኤስኪውኤል» የሚባሉ አራት ፎልደሮች። ስማቸውን ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ፣ ያለ ባዶ ቦታ ስጡት። በአማርኛ መሰየም አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ይቻላል። ግን አንዱ ሐይቅን በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። ለሰው አንድ ነው። ለጃቫ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሎጎ የሚለው በትልቅ ፊደል ቢጀምርም በትንሽ ፊደል ስትጠሩት ያመጣላችኋል። ጃር ውስጥ ሲሆን አያመጣም፤ እዚያ ፊደሉ በትክክል መግጠም አለበት። ስለዚህ ኢንተሊጄ ላይ የታየው ሎጎ ጃር ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ የፊደሉን መጠን ተመልከቱ።

አሁን ኮዱ እንዴት ይጥራው? ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ፋይሉን «ኒው ፋይል» ብሎ ከነመንገዱ ይከፍተዋል። ያ መንገድ ላፕቶፓችሁ ላይ አለ። ሱቁ ላይ የለም። አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ «ጌት ሪሶርስ» ብሎ አድራሻውን ካመጣ በኋላ ወደ ፋይል ይቀይረዋል። ይሄኛው ጃር ሲሆን «ዩአርአይ ኢዝ ኖት ሃይራርኪካል» የሚል ግራ የሚያጋባ ኤረር ይሰጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጃር ውስጥ ያለ ነገር ዲስክ ላይ ራሱን የቻለ ፋይል አይደለም። ዚፕ ውስጥ ያለ ቁራሽ ነው።

ትክክለኛው መንገድ «ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» ነው። ስትሪም ዚፕ ውስጥም ይሁን ፎልደር ውስጥ እኩል ይነበባል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከክላሱ ላይ ስትጠሩት መንገዱን በእዝባር (/) ጀምሩት፤ ያለዚያ ከዚያው ክላስ ፓኬጅ ውስጥ ነው የሚፈልገው። ከክላስ ሎደሩ ላይ ስትጠሩት ደግሞ በእዝባር አትጀምሩት፤ ከጀመራችሁት አያገኘውም። ባላገኘው ጊዜ ኤረር አይሰጣችሁም፤ ነል ይመልሳል። ከዚያ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ነል ፖይንተር ይፈነዳል፣ እናንተም ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስትፈልጉ ታመሻላችሁ። ስለዚህ ነል መሆኑን እዚያው አይታችሁ የጠፋውን ፋይል ስም የሚናገር ኤረር ራሳችሁ ወርውሩ።

የሚጻፍበት ፋይል ደግሞ ጃር ውስጥ አይቀመጥም። የኤስኪውላይቱን ዳታቤዝ ሪሶርስስ ውስጥ ከትታችሁ ሽያጭ ልትመዘግቡበት አትችሉም። ባዶውን ዳታቤዝ ወይም የኤስኪውኤሉን ፋይል ጃር ውስጥ አድርጉ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲነሳ ወደ ተጠቃሚው ፎልደር ይገልብጠውና ከዚያ በኋላ ከዚያ ይሥራ። ሲስተም ፕሮፐርቲ ላይ «ዩዘር ነጥብ ሆም» ብላችሁ ፎልደሩን ታገኙታላችሁ።

አማርኛው ለምን ይበላሻል?

ይሄን ለብቻው ያወጣሁት ሌሎች መመሪያዎች ስለማይነኩት ነው። የእንግሊዝኛ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ችግሩ አይገጥመውም። እኛን ግን ይገጥመናል።

መልእክቶቻችን «ፕሮፐርቲስ» በሚባል ፋይል ውስጥ ናቸው እንበል። «ዕቃው አልቋል»፣ «ሽያጩ ተመዝግቧል» የሚሉ መስመሮች። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጋችሁታል። ግን ስክሪኑ ላይ በአንድ የአማርኛ ፊደል ፈንታ ሦስት ሦስት ባዕድ ምልክት ይወጣል። በደንብ ካያችሁት የመጀመሪያው ሁሌም ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ነው። ከሱ ቀጥለው ሳጥን ወይም የማይታይ ነገር ይመጣል። ይሄን ካያችሁ በሽታው ታውቋል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ዋናዎቹ ፊደሎቻችን በሙሉ የሚጀምሩት ደግሞ በአንድ ዓይነት ባይት ነው። ጃቫ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ፊደል አንብቧቸዋል ማለት ነው።

ለምን? «ፕሮፐርቲስ ሎድ» ስትሪም ሲሰጠው በድሮው የላቲን ኢንኮዲንግ (ባይትን ወደ ፊደል የመቀየሪያ ደንብ) ነው የሚያነበው። አዲስ ጃቫ ላይም እንደዚሁ ነው። መፍትሔው ስትሪሙን ዩቲኤፍ-8 በተባለ «ኢንፑት ስትሪም ሪደር» ጠቅልሎ ሪደሩን መስጠት ነው። «ሪሶርስ በንድል» የምትጠቀሙ ከሆነ ከጃቫ 9 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 ራሱ ያነባል። ጃቫ 8 ላይ ግን አያነብም። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ጃቫ 8 ካለ እዚህ ላይ ትወድቃላችሁ።

ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ለምሳሌ የከተሞቹን ዝርዝር፣ ስታነቡም ኢንኮዲንጉን ሁሌ ጥሩት። ከጃቫ 18 በፊት ነባሪው ኢንኮዲንግ የሚወሰነው በኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ነበር። ስለዚህ ያው ጃር አንዱ ኮምፒውተር ላይ «ከሚሴ» ብሎ፣ ሌላው ላይ ዝብርቅርቅ ያወጣል። ፖም ፋይላችሁ (የሜቨን ቅንብር የሚጻፍበት) ውስጥም «ፕሮጀክት ቢልድ ሶርስ ኢንኮዲንግ» የሚለውን ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የጻፋችሁት አማርኛ በትክክል ኮምፓይል የሚሆነው ያኔ ነው።

ሁለተኛው የአማርኛ ጣጣ ፎንት ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፎንት አለ ብላችሁ አትመኑ። አቢሲኒካን የመሰለ ነፃ ፎንት ጃሩ ውስጥ አስገቡና በ«ፎንት ክሪኤት ፎንት» ከስትሪም ጫኑት። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ሜቨን «ፊልተሪንግ» የሚባል ነገር አለው። ሪሶርስ ፋይሎች ውስጥ የጻፋችሁትን የስሪት ቁጥር የመሰለ ተለዋዋጭ በእውነተኛው ዋጋ ይተካል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ፊልተሪንግ ሲበራ ሜቨን ፋይሎቹን እንደ ጽሑፍ ከፍቶ ነው የሚጽፋቸው። የተለመዱትን የሥዕል ዓይነቶች፣ ጄፔግንና ፒኤንጂን፣ በራሱ ይተዋቸዋል። የፎንት ፋይልን ግን አይተውም። ፎንቱ ይበላሻል፤ «ፎንት ፎርማት ኤክሴፕሽን» ይመጣል።

ስለዚህ ሪሶርስ ፕለጊኑ ላይ «ነን ፊልተርድ ፋይል ኤክስቴንሽንስ» ብላችሁ የፎንቱን ኤክስቴንሽን፣ ቲቲኤፍን፣ አስገቡ። ወይም ደግሞ ሁለት የሪሶርስ ፎልደር አብጁ፦ አንዱ ፊልተሪንግ የበራበት ለጽሑፍ፣ ሌላው የጠፋበት ለፎንትና ለሥዕል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፋይሉ የት እንዳለ አይታችሁ ብቻ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። የተጠራጠራችሁ ጊዜ የፎንቱን መጠን በባይት አወዳድሩ፤ ሪሶርስስ ውስጥ ያለውና «ታርጌት/ክላስስ» ውስጥ ያለው እኩል መሆን አለባቸው።

ሦስተኛ፦ ላይብረሪዎቹስ?

ኤምቪኤን ክሊን ፓኬጅ

ይሄን ስትሉ ታርጌት ውስጥ ጃር ይወጣል። ክላሶቻችሁና ሪሶርሶቻችሁ አሉበት። ላይብረሪዎቹ ግን የሉበትም። የኤስኪውላይቱ ድራይቨር (ጃቫን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው ላይብረሪ) የለም፣ የማይኤስኪውኤሉም የለም። ሜይን ክላሱ ማኒፌስቱ ላይ ካለ ጃሩ ይነሳል፤ ዳታቤዙን ሲነካ ግን «ኖ ሱተብል ድራይቨር ፋውንድ» ወይም «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» ብሎ ይወድቃል።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚሞክረው የላይብረሪዎቹን ጃር እንዳለ ሪሶርስስ ውስጥ መክተት ነው። አይሠራም። ጃቫ ጃር ውስጥ ያለ ጃር አይከፍትም። ስፕሪንግ ቡት የሚባለው የጃቫ ማዕቀፍ የሚችለው የራሱን ማስነሻ ክላስ አብሮ ስለሚያሽግ ነው። ሌላው ከንቱ ልፋት «ሰረዝ ሲፒ» ብሎ ላይብረሪዎቹን ጠቅሶ አብሮ «ሰረዝ ጃር» ማለት ነው። ጃቫ «ሰረዝ ጃር» ካየ «ሰረዝ ሲፒ»ን ጭራሽ አይሰማም።

የሚሠሩት ሁለት መንገዶች ናቸው።

*ሀ. ከጎኑ ሊብ ፎልደር።* ላይብረሪዎቹ ጃሩ አጠገብ ባለ «ሊብ» ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ማኒፌስቱ ላይ «ክላስ-ፓዝ» በሚለው መስመር ይጠቀሳሉ። ሁለት ፕለጊን ያስፈልጋል። ሜቨን ጃር ፕለጊን ላይ፣ አርካይቭ ውስጥ፣ ማኒፌስት ውስጥ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሜይን ክላሱን፣ «አድ ክላስፓዝ» ትሩ፣ «ክላስፓዝ ፕሪፊክስ» ሊብ ከነእዝባሩ። ከዚያ ሜቨን ዲፔንደንሲ ፕለጊን ላይ «ኮፒ ዲፔንደንሲስ» የሚለውን ሥራ ፓኬጅ ምዕራፍ (ሜቨን ጃሩን የሚያሽግበት ደረጃ) ላይ እሰሩት። መድረሻውን ታርጌት ውስጥ ሊብ በሉት፤ «ኢንክሉድ ስኮፕ»ን ደግሞ ራንታይም። ያኔ የቴስት ላይብረሪዎች አብረው አይግተለተሉም።

ይሄ መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ምንም አይደበላለቅም። ፕሮግራሙን ስታሻሽሉ ትንሿን ጃር ብቻ በቴሌግራም መላክ ትችላላችሁ፤ ሊቡ እዚያው አለ። ጉድለቱ ሰው ነው። ባለሱቁ ጃሩን ብቻውን ዴስክቶፕ ላይ ያወጣውና ሊቡ ፍላሽ ላይ ይቀራል። ሾርትከት ሠርታችሁለት ውጡ።

*ለ. ፋት ጃር።* ሁሉም ላይብረሪ ተፈትቶ ከኮዳችሁ ጋር አንድ ጃር ይሆናል። ስንቁን ይዞ እንደሚወጣ መንገደኛ ማንንም ሳያስቸግር ይደርሳል። በሜቨን የምመክረው ሼድ ፕለጊንን ነው። «ጃር ዊዝ ዲፔንደንሲስ» የሚሠራው አሴምብሊ ፕለጊንም አለ፤ ለትንሽ ነገር ይበቃል። ሼድ ግን ሲጋጩ የሚዳኝበት መንገድ አለው።

ሼድን ስታስገቡ አራት ነገር አትርሱ።

አንደኛ፣ «ኤክሴክዩሽን» ውስጥ ፌዙን (ምዕራፉን) ፓኬጅ፣ ጎሉን (ሥራውን) ሼድ አድርጉ። ፕለጊኑን ብቻ ጽፋችሁ ይሄን ከተዋችሁ ምንም አይሆንም፤ ኤረርም የለም፣ ፋት ጃርም የለም።

ሁለተኛ፣ «ማኒፌስት ሪሶርስ ትራንስፎርመር» ጨምራችሁ ሜይን ክላሱን ንገሩት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። የጄዲቢሲ ድራይቨሮች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት «ሜታ-ኢንፍ/ሰርቪስስ» ውስጥ ባለ ትንሽ ፋይል ነው። የኤስኪውላይቱም የማይኤስኪውኤሉም ፋይል ስሙ አንድ ነው፦ «ጃቫ ነጥብ ኤስኪውኤል ነጥብ ድራይቨር»። አንድ ጃር ውስጥ ሲገቡ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ከዚያ ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራው ጃር ደሴ ላይ «ኖ ሱተብል ድራይቨር ፋውንድ» ይላል። ጃሩን ስትከፍቱት የድራይቨሩ ክላሶች አሉ! ለዚህ ነው ሰውን የሚያሳብደው። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ሰርቪስስ ሪሶርስ ትራንስፎርመር» ጨምሩ። ተመሳሳይ ስም ያላቸውን የሰርቪስ ፋይሎች አንድ ላይ ይቀጥላቸዋል። ሠርቶ እንደሆነ ለማየት ፋይሉን አውጥታችሁ ክፈቱት፤ ሁለት መስመር ማየት አለባችሁ፣ የሁለቱንም ድራይቨር ስም።

አራተኛ፣ አንዳንድ ላይብረሪዎች ዲጂታል ፊርማ አላቸው። ፊርማው የተሰጠው ለዋናው ጃር ስለሆነ ወደ ሌላ ጃር ሲደባለቅ አይገጥምም። «ኢንቫሊድ ሲግኔቸር ፋይል ዳይጀስት» የሚል ኤረር ይመጣል። ፊልተር ጨምራችሁ ከሁሉም ላይብረሪዎች ላይ ሜታ-ኢንፍ ውስጥ ያሉትን ኤስኤፍ፣ ዲኤስኤ እና አርኤስኤ የሚል ኤክስቴንሽን ያላቸውን ፋይሎች አስቀሩ።

ሼድ ከሠራ በኋላ ታርጌት ውስጥ ሁለት ጃር ታያላችሁ። አንዱ «ኦሪጅናል» ብሎ ይጀምራል። እሱ ባዶው ነው። ወደ ፍላሽ የሚሄደው ሌላኛው ነው። በመጠናቸውም ይለያሉ፤ የኤስኪውላይቱ ድራይቨር ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ለማክም የሚሆን ቤተኛ (ኔቲቭ) ኮድ ስለያዘ ብቻውን ከባድ ነው። መጠኑን አይታችሁ «ሚኒማይዝ ጃር» የሚለውን አማራጭ ለማብራት አትጓጉ። ያ አማራጭ በቀጥታ ያልተጠራ ክላስን ይጥላል። ድራይቨሮች ደግሞ የሚጠሩት በስም ነው፤ ተጠርተዋል ብሎ አያይም።

ላይብረሪ በእጅ ማውረድም ተዉ። የኤስኪውላይቱ ድራይቨር አንዳንድ ስሪቶቹ ኤስኤልኤፍፎርጄ የሚባል ሌላ ላይብረሪ ይፈልጋሉ። ድራይቨሩን ብቻ አውርዶ የጨመረ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ክላስ ጠፋ ይባላል። ሜቨን ይሄን የጓደኛ ጓደኛ ራሱ ያመጣዋል። ማን ማንን እንዳመጣ ለማየት «ኤምቪኤን ዲፔንደንሲ፡ትሪ» በሉ። «ፕሮቫይድድ» የሚል ስኮፕ የሰጣችሁት ነገር ካለ ግን ጃር ውስጥ አይገባም፤ እሱ ለሰርቨር ፕሮግራም ነው እንጂ ለሱቅ አይደለም።

የትኛውን ልምረጥ? ኮምፒውተሩን የምትነኩት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ሊብ። ጃሩ ከሰው ሰው በፍላሽ የሚዞር ከሆነ ፋት ጃር።

በግሬድል

ግሬድል ላይ ፎልደሮቹ ያው ናቸው። ሊብ ለምትፈልጉ «አፕሊኬሽን» ፕለጊንን አስገቡ፣ ሜይን ክላሱን ንገሩትና «ግሬድል ኢንስቶል ዲስት» በሉ። ቢልድ ውስጥ «ኢንስቶል» ሥር ቢን እና ሊብ ያለው ፎልደር ይሰጣችኋል፤ ለዊንዶውስ የሚሆን የባት ፋይልም ሠርቶ ያስቀምጣል። ከሜቨን ይልቅ እዚህ ላይ ግሬድል ያምራል።

ለፋት ጃር ሻዶው ፕለጊን አለ። ትዕዛዙ «ሻዶው ጃር» ነው፤ የሚወጣው ጃር ስሙ መጨረሻ ላይ «ኦል» የሚል አለው። «መርጅ ሰርቪስ ፋይልስ» የሚለውን ጨምሩ፤ የድራይቨሮቹ ጣጣ እዚህም አለ። ብዙ ቦታ የምታገኙት በእጅ የተጻፈ የፋት ጃር ቁራጭ ኮድ «ዱፕሊኬትስ ስትራቴጂ ኤክስክሉድ» ይላል። ኤረሩን ዝም ያሰኛል። ሁለተኛውን የድራይቨር ፋይልም አብሮ ይጥላል። ራቁት።

ካርድ ለመቆጠብ

ሜቨን ያወረደውን ሁሉ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ኤም2» ሥር «ሪፖዚተሪ» ውስጥ ያስቀምጣል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ሙሉውን ቢልድ አንዴ ከነቴስቱ ሩጡት። ከዚያ በኋላ ቤት ሆናችሁ «ኤምቪኤን ሰረዝ ኦ ፓኬጅ» ካላችሁ ኔት ሳይነካ ይሠራል። «ዲፔንደንሲ፡ጎ-ኦፍላይን» የሚባልም አለ፤ ግን አንዳንድ የፕለጊን ዕቃ ያመልጠዋል። ሙሉ ቢልዱ ይሻላል። ግሬድል ላይ «ሰረዝ ሰረዝ ኦፍላይን» ነው።

ጓደኛችሁ ያወረደውን የሪፖዚተሪ ፎልደር በፍላሽ ገልብጣችሁ መጠቀምም ይቻላል። ግሬድል ራፐር (ከፕሮጀክቱ ጋር የሚቀመጠው የግሬድል ማስነሻ) ደግሞ መጀመሪያ ሲሮጥ ራሱን ግሬድልን ያወርዳል፤ የቅርብ ስሪቶቹ ከ100 ሜጋባይት በላይ ናቸው። በሞባይል ዳታ አታስጀምሩት።

የሱቁ ጃቫ ስንት ነው?

ጃሩ ሙሉ ሆኖም «አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን» ሊል ይችላል። ኤረሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የጃቫ ስሪት ናቸው፦ 52 ማለት ጃቫ 8፣ 55 ማለት 11፣ 61 ማለት 17፣ 65 ማለት 21። 61 በሆነ ጃር ላይ 52 ብቻ የሚያውቅ ኮምፒውተር ከገጠማችሁ ወይ ጃቫውን ከፍ ማድረግ ነው፣ ወይ ፖሙ ላይ «ሜቨን ኮምፓይለር ሪሊዝ»ን 8 ማድረግ ነው። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ላይብረሪዎቻችሁም ለ8 የሚሆኑ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ ጃቫውን አብሮ መስጠት። «ጄፓኬጅ» ከጃቫ 16 ጀምሮ ከጄዲኬው ጋር ይመጣል። ዓይነቱን «አፕ-ኢሜጅ» ካላችሁት ጃራችሁንም ጃቫውንም የያዘ፣ ጠቅ የሚደረግ ፋይል ያለው ፎልደር ይሠራል። ሌላ ሶፍትዌር አይጠይቅም። ጫኝ ፋይል ከፈለጋችሁ ግን ዊንዶውስ ላይ ዊክስ የሚባል መሣሪያ ይፈልጋል። የዊንዶውሱን የግድ ዊንዶውስ ላይ ነው መሥራት ያለባችሁ፤ ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ አይሆንም። ፎልደሩ ይከብዳል። ቢሆንም ባቲ ድረስ ሄዶ ጃቫ ከመጫን ይቀላል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ኔቱን አጥፉ። ኢንተሊጄን ዝጉ። ዴስክቶፕ ላይ «ሙከራ» የሚባል አዲስ ባዶ ፎልደር ክፈቱና ጃሩን ብቻ (የሊቡን መንገድ ከመረጣችሁ ከነሊቡ) እዚያ ገልብጡት። የፕሮጀክቱን ፎልደር ስም ለጊዜው ለውጡት፤ ኮዱ በስውር ከዚያ የሚያነበው ነገር ካለ አሁኑኑ ይጋለጣል። ከዚያ ከሌላ ፎልደር ላይ ሆናችሁ በተርሚናል አስነሱት፦

ጃቫ ሰረዝ ጃር ዴስክቶፕ/ሙከራ/መጋዘን-1.0.ጃር

መነሳቱ ብቻ አይበቃም። ሎጎውን እዩ። አማርኛውን አንብቡ። አንድ ሽያጭ መዝግቡ፣ ዝጉት፣ መልሳችሁ ክፈቱት፣ ሽያጩ መኖሩን እዩ። በሁለቱም ዳታቤዝ ሞክሩ።

በተርሚናል ያልኩት አለነገር አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ጃር ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ «ጃቫደብሊው» ነው የሚያስነሳው፤ እሱ ኤረር የሚጽፍበት መስኮት የለውም። ባለሱቁ ሲደውልላችሁ የምትነጋገሩትም እንዲህ ነው፦

«ሐጂ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«ኧረ ልጄ ምንም አይል። ጠቅ ሳደርገው ዝም ነው።»

«አብሽሩ፣ ጥቁሯን ፋይል ይክፈቷትና ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።»

«ጥቁሯ ፋይል» ከጃሩ ጎን የምታስቀምጧት የባት ፋይል ናት። ጃሩን በ«ጃቫ ሰረዝ ጃር» ታስነሳለች፣ መጨረሻዋ ላይ «ፖዝ» የሚል መስመር አላት። ኤረሩ ስክሪኑ ላይ ይቆያል፣ ባለሱቁም በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። የጃሩ ስም ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ በጥቅስ ምልክት ክበቡት።

አንድ ነገር ጨምሩ። ጃር ፕለጊኑ ማኒፌስት ላይ «አድ ዲፎልት ኢምፕሊመንቴሽን ኤንትሪስ»ን ትሩ ካላችሁት የስሪት ቁጥሩ ማኒፌስቱ ላይ ይጻፋል። ከኮዱ ውስጥ «ጌት ኢምፕሊመንቴሽን ቨርዥን» ብላችሁ መስኮቱ ርዕስ ላይ አሳዩት። ኢንተሊጄ ላይ ነል ይሆናል፤ ማኒፌስት ስለሌለ ነው፣ አትደንግጡ። ጃሩ ላይ ግን «መጋዘን 1.0» ይላል። ደሴ ያለው 1.1 ሆኖ ኮምቦልቻ ያለው 1.0 ከሆነ በስልክ ርዕሱን አስነብባችሁ ታውቃላችሁ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት መውረድ ሳያስፈልጋችሁ።